አባቴ ያልተናገረበት ሳምንት

ባለፈው ማክሰኞ ከሂርማታ ገበያ ሳሙናና ደብተር ገዝቼ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ስመለስ ዋናው መንገድ ተቆፍሮ ስለነበር የባጃጁ ሾፌር ከጊንጆ ጉዱሩ በላይ ባለው አዲስ ሰፈር በኩል ዞረ። በጅማ የሀብታም ሰፈር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ያንን ነው። አጥሮቹ ረጃጅም ናቸው፤ ኮብልስቶኑ ዝናብ ባይዘንብም የታጠበ ይመስላል፤ ከአጥሩ በላይ ደግሞ አበባ ይንጠለጠላል። አንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ጋ ስንደርስ ባጃጁ ቀዝቀዝ አለ። በሩ ላይ "ሙሉ ዕቃ ያላቸው አፓርታማዎች፣ በቀን፣ በሳምንት፣ በወር" የሚል ማስታወቂያ ተሰቅሏል። አጠገቤ የተቀመጠችው የክፍሌ ልጅ ከጎንደር የመጣች ናት። በረንዳዎቹን አንጋጣ እያየች፣ አንድ ሳምንት ብቻ እዚህ ብተኛ ሌላ ነገር አልመኝም ነበር አለችኝ።

እኔ አንድ ሳምንት ያህል እዚያ ነበርኩ። ተኝቼበታለሁ ማለት ግን ልክ አይሆንም። ለልጅቷ ልንገራት ብል ታሪኩ ረጅም ነው፣ ባጃጁም ይጮኻል። ግቢ ደርሼ አልጋዬ ላይ ጋደም ስል የዚያ ሳምንት ድካም በእግሬ በኩል የተመለሰ መሰለኝ።

ነገሩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት በክረምት ነው። አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። ቤታችን ሰኮሩ ነው፤ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ አውቶቡሶች ሰው ለማውረድ ቆም የሚሉባት የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ወላጆቼ በወጣትነታቸው ከሆሳዕና በኩል መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። አባቴ ሃንዲሶ በቆሎና ትንሽ ቡና ያመርታል፤ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያናችን መዝሙር የሚያስጀምረውም እሱ ነበር። ስለ ድምፁ አስቀድሜ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። ወፍራም፣ ሰፊ ድምፅ ነበረው። ማይክሮፎን ሲያቀብሉት ተቀብሎ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው ይሰጠዋል። ከበቆሎው ማዶ ሆኖ "ምሕረት" ብሎ ሲጠራኝ የጎረቤት ልጆች ሁሉ ሥራቸውን ጥለው ይሮጡ ነበር፤ እነሱም የተጠሩ ይመስላቸዋል።

አንገቱ ላይ ለዓመታት የቆየ እንቅርት ነበረው። በዚያ ዓመት አድጎ ምግብ ሲውጥ ያስቸግረው ጀመር፤ ጅማ መጥቶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ስለ ሕክምና የማውቀው ጥቂት ስለሆነ ሐኪሙ የነገረንን ብቻ ልጻፍ። እንቅርቱ በደህና ወጥቷል። ነገር ግን ከድምፅ ነርቩ ጋር ተጣብቆ ብዙ ዘመን ስለኖረ ነርቩ ደክሟል። ስለዚህ አባቴ እስከ ቀጠሮው ቀን ድረስ ለአንድ ሳምንት ቃል መናገር የለበትም፣ በሹክሹክታም ቢሆን። ሐኪሙ ትሑት ሰው ነው፤ የአባቴን እጅ ይዞ፣ "አባቴ፣ ከተናገሩ ድምፅዎ ላይመለስ ይችላል" አለው። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእኔ ሥራ ያንን ድምፅ መጠበቅ ሆነ።

በሆስፒታሉ ክፍል ውስጥ ይህ ቀላል አልነበረም። ሰው ሲታመም መጠየቅ በእኛ ዘንድ ግዴታ ነው፤ ያልጠየቀ ይወቀሳል። የሰኮሩ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው፣ ጅማ የሚኖር ዘመድ ሁሉ ይመጣል። የመጣው ሁሉ ደግሞ አልጋው አጠገብ ቆሞ፣ ጋሽ ሃንዲሶ እንዴት ነህ፣ አሁንስ ተሻለህ ይላል። አባቴ ሰው ጠይቆት ዝም ብሎ አያውቅም። አንድ ጊዜ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቼ በመዳፌ አፉን ሸፈንኩት። አባቴን አፉን መሸፈን ምን ያህል እንደሚከብድ ለመጻፍ ቃል አጣለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ታምራት ያንን ሲያይ ወሰነ። ታምራት አጋሮ ላይ ቡና ይነግዳል፤ የዚያን ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ሥራ አስኪያጅ ያውቀዋል። አባቴ ከሆስፒታል እንደወጣ ሰኮሩ ቢሄድ ቤቱ በጠያቂ እንደሚሞላ፣ በሦስተኛው ቀንም መናገሩ እንደማይቀር ተናገረ። እውነቱን ነበር። ስለዚህ እስከ ቀጠሮው ድረስ እኔና አባቴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለው ፈርኒሽድ አፓርታማ እንድንቀመጥ አደረገ። በሩን ለሚጠብቁት ለአባ መጫም ማንንም እንዳያስገቡ ነገራቸው። ሕንፃው ራሱ ሕመምተኛ የሚተኛበት ነው መባልን ስለማይወድ፣ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ "እዚህ የታመመ የለም" በሉ ተባሉ። እናቴ ከላሞቹና ከታናናሾቼ ጋር ሰኮሩ ቀረች።

ቤቱ የሚያምር ነበር፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ሶፋው ነጭ፣ አንሶላው ነጭ፣ መጋረጃው እስከ ወለል የሚደርስ። የምታጸዳው ልጅ በየቀኑ ጠዋት መጥታ ያልቆሸሸውን አንሶላ ገፍፋ ሌላ ታነጥፋለች። ምድጃው መስተዋት ነው፤ በጣት ሲነኩት ቀይ ቁጥር ያሳይና ድስቱን ስታስቀምጡበት ይጮኻል። እናቴ የሰጠችኝን ቡላ በዚያ ምድጃ ላይ ለመሥራት ያየሁትን አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው። አንዴ ያርራል፣ አንዴ ጥሬ ይቀራል። አባቴ በማንኪያ ስሰጠው ዓይኑን ጨፍኖ ይውጣል፤ ጣዕሙ መጥፎ ስለሆነ ይሁን ስላመመው ልጠይቀው ብል መልስ የለም። ወረቀትና እስክሪብቶ አቅርቤለት ነበር፤ አንድ ሁለቴ ሞክሮ ገፋው። እጁ ከበቆሎ እንጂ ከእስክሪብቶ ጋር ብዙ አልዋለም።

ያደከመኝ ሥራው አይደለም። ሰው ሕመምተኛ ሲያስታምም ሌላ ክፍል ሄዶ ጋደም ይላል፤ ሲፈለግ ይጠራል። አባቴ ግን መጥራት አይችልም። አንድ ነገር ቢያንቀውስ፣ ቢያመውስ እያልኩ ፍራሽ አውርጄ ከአልጋው ሥር ወለሉ ላይ እተኛ ነበር። ሲገላበጥ እነቃለሁ፤ ሲያስነጥስ እነቃለሁ፤ ዝም ሲል ደግሞ ከሁሉ በላይ እነቃለሁ። ያ ሁሉ ለስላሳ አልጋ እያለ ወለል ላይ ተኝቼ ጣሪያውን ማየት ለመድኩ። ዓይኔ ቀላ፤ ፀጉሬን ማበጠር ተውኩ። መስኮቱ ወፍራም ስለሆነ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ እናየዋለን እንጂ አንሰማውም። ቆርቆሮ ሥር ላደገ ሰው ድምፅ የሌለው ዝናብ ይከብዳል፤ ቀኑ መሽቶ እንደሆነ እንኳ ያጠራጥራል።

አባቴም ደከመ። አንገቱ እየዳነ እሱ ግን እየከሳ ሄደ። ከውጭ የሊፍቱ ደወል በተሰማ ቁጥር ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል። እግር ኮቴ መጥቶ በሌላ በር ሲገባ ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ይመለሳል። ስለ ጠያቂዎቹ ምንም አላለኝም፤ ሊለኝ አይችልማ። ነገር ግን አንድ ቀን በአምስቱ ጣቶቹ ወደ በሩ አመለከተና እጁን ገልብጦ ባዶውን አሳየኝ። ሰው የለም ማለቱ ነው። ሐኪሙ ያዘዘውን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ መልሶም ወደ በሩ አየ።

በሳምንቱ አጋማሽ ላይ፣ ረፋድ ላይ አባ መጫ ከታች በስልክ ጠሩኝ። ከሰኮሩ የመጡ ሦስት ሰዎች በሩ ላይ ቆመው አንሄድም ብለዋል አሉኝ። "የታመመ የለም አልኳቸው። አላመኑኝም። ማሎ፣ እባክሽ ነይና አንቺው ንገሪያቸው፤ እኔ ሽማግሌ ሰው ነኝ፣ ስንት ጊዜ ልዋሽ" አሉ። ለታምራት ደወልኩለት። እንዳይገቡ፣ ደህና እንደሆነና እንዳረፈ ብቻ ንገሪያቸው አለኝ። ወረድኩ።

የመጡት ወንድም ማቲዎስ፣ ከአባቴ ጋር መዝሙር የሚያገለግል ሰው፣ ከሁለት የቤተ ክርስቲያን እናቶች ጋር ነው። በፌስታል አቮካዶ፣ በቅጠል የተጠቀለለ ቡላ ይዘዋል፤ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው። መጀመሪያ ሆስፒታል ሄደው ነበር። በአባቴ አልጋ ላይ የማያውቁት ሰው ተኝቶ አገኙ። ከዚያ እየጠየቁ እዚህ ሲደርሱ ዘበኛው የታመመ ሰው የለም አላቸው። አሁን ደግሞ እኔ፣ ዓይኔ የቀላ፣ ፀጉሬ የተንጨባረረ፣ በብረት በሩ መካከል ቆሜ የተባልኩትን አልኩ።

"አባዬ ደህና ነው። ትንሽ ደክሞት ተኝቷል።"

ወንድም ማቲዎስ ባርኔጣውን አወለቀ። ከእናቶቹ አንዷ አቀፈችኝና ቶሎ አልለቀቀችኝም። ሌላ ምንም አልጠየቁም። አንድ ጊዜ እንኳ እንግባ አላሉም። ያመጡትን ለአባ መጫ አስረክበው በዝናቡ ውስጥ ተያይዘው ወረዱ። እኔም ሳያስቸግሩኝ መሄዳቸው ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። በጣም ደክሞኝ ነበር፤ ነገሩን ያሰብኩት ፎቁን ስወጣ መሐል ላይ ደርሼ ነው።

ይህን የሚያነብ ሁሉ ያውቀዋል፤ ግን ልጻፈው። በእኛ አገር ሰው ከቤቱ ርቆ ሲሞት ለቤተሰቡ ወዲያው አይነገርም። መጀመሪያ "ታሟል" ይባላል። የሚደውል ሲኖር "ደህና ነው፣ ትንሽ ደክሞት ተኝቷል" ይባላል። ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ዕድሩ እስኪዘጋጅ ሁሉም ያንን ቃል ይዞ ይቆያል፤ ከዚያ በማለዳ መርዶው ይነገራል። እኔ በሩ ላይ የተናገርኩት ከዚያ ቃል በአንድ ፊደል እንኳ አይለይም። በእውነት ደህና የሆነ፣ በእውነት የተኛ ሰው ቢኖር ምን ተብሎ ይነገርለት?

ከሰዓት በኋላ እናቴ ደወለች። ድምፅዋ ለስለስ ያለ ነበር፤ ሲለሰልስ ነው የምፈራት።

"አባትሽን አገናኚኝ።"

"እማዬ፣ መናገር እንደተከለከለ ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ። አገናኚኝ ብቻ።"

ስልኩን ጆሮው ላይ አደረግኩለት። እናቴ ስሙን ጠራች። የአባቴ አንገት ከፋሻው ሥር ሲወጠር አየሁ፤ ስልኩን ልነጥቀው ስል እሱ ራሱ ጣቱን አንስቶ ስልኩን በጥፍሩ መታ መታ አደረገው። እኔም ተቀብዬ፣ ሰማሽው አይደል፣ እሱ ነው አልኳት። እሷ ግን፣ "ጥፍር ሁሉም ሰው አለው፣ ልጄ" አለችኝና ስልኩ ተዘጋ።

አመሻሽ ላይ ታምራት ከአጋሮ ሲመጣ ሁሉንም ነገርኩት። ሳቀ። ፎቶ ልኬ አሁኑኑ እገላግላችኋለሁ አለ። አባቴ በዚያን ሰዓት ጋደም ብሎ ነበር። ታምራት ስልኩን ይዞ ወደ ክፍሉ ገባ፤ ወጥቶም የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ወደሚጠቀሙበት ስልክ ላከው። እኔ ፎቶውን ያየሁት ከተላከ በኋላ ነው። አባቴ ተኝቷል፤ ዓይኑ ተከድኗል፤ አንገቱ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል፤ ከእግሩ እስከ ደረቱ ነጭ አንሶላ ለብሷል፤ ሁለት እጆቹ ደረቱ ላይ ተደርበዋል። ምን ሆነሽ ነው እንደዚህ የምታዪው፣ ክፍሉ እንዴት እንደሚያምር ታይቶ የለም ወይ አለኝ ታምራት። ስልኩን መልሼ ሰጠሁት። እንደገና ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። ሌላ ፎቶ ለመላክ፣ በቪዲዮ ለመደወል ብዙ ሞከርን። በሰኮሩ በኩል ዝናቡ መብራቱን አጥፍቶት ኔትወርኩም አብሮ ጠፍቷል። የደረሰው የመጀመሪያው ፎቶ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ታምራት ጭነት ስለነበረበት በጠዋት አጋሮ ሄደ፤ ከሰዓት ሰኮሩ ድረስ ሄጄ ራሴ እነግራቸዋለሁ ብሎኝ ነው የወጣው። እነሱ ግን ቀደሙት። ቁርሱን ሰጥቼው ሳህን እያጠብኩ ሳለ አባቴ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ በረንዳው ሲሄድ አየሁ። ተከተልኩት። የበረንዳው በር ሲከፈት የዝናቡ ድምፅ ገባ፤ ከዝናቡ ጋር ደግሞ ሌላ ድምፅ።

ከብረት በሩ ውጭ ሚኒባስ ቆሟል። ጣሪያው ላይ የተጠቀለለ ሸራ ታስሯል። ሰዎች እየወረዱ ነው፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የዕድራችን ሰብሳቢ አባ ጊሳ፣ የጎረቤታችን አባወራ፣ ጃንጥላ ይዘው ከአባ መጫ ጋር በኦሮምኛ ይነጋገራሉ። አባ መጫ በሩን በትከሻቸው ይዘው ራሳቸውን ይወዘውዛሉ። በመጨረሻ እናቴ በሁለት ሴቶች ተደግፋ ወረደች። አስከሬን ሊወስዱ ነው የመጡት። እናቴ እስከዚያ ድረስ ጮክ ብላ አላለቀሰችም ነበር። ሕንፃውን ስታይ፣ ያንን ረጅም ነጭ ግድግዳ፣ ባሏ በውስጡ እንዳለ ስታውቅ ግን ስሙን ጠርታ ጮኸች። ሌሎቹም ተከተሏት። ከቪላዎቹ ሰዎች አጥር ላይ ብቅ አሉ።

አባቴ የበረንዳውን ብረት ያዘ። ወደ ታች መውረድ አያስፈልገውም፤ እንደ ድሮው አንድ ጊዜ ቢጠራት፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያ ሁሉ ልቅሶ ይቆማል። አፉ ተከፈተ። የፋሻው ጠርዝ ከፍ ሲል አየሁ። ትንፋሹ ገብቷል፤ መውጣት ነው የቀረው።

"አባዬ፣ እንዳትናገር" አልኩት። "እባክህ።"

ዞሮ አየኝ። ያን ዓይን እስካሁን አልረሳሁትም። ቁጣ አልነበረበትም፤ የደከመ ሰው ሸክም ሲጨመርበት እንደሚያይ ነው ያየኝ። ከዚያ አፉን ዘጋና ጋቢውን ከወንበሩ ላይ አንሥቶ ወደ በሩ ሄደ።

ጅማም መብራት ስለጠፋ ሊፍቱ አይሠራም። በደረጃው ወረድን። እኔ በአንድ እጄ ክንዱን፣ በሌላው የደረጃውን ብረት ይዣለሁ። በየመታጠፊያው ግድግዳ ተደግፎ ያርፋል፤ ሲያርፍ የእናቴ ድምፅ ከታች ወደ ላይ በደረጃው ውስጥ ይመጣል። የምትለው ይሰማ ነበር። ሲጋቡ ያልነበራቸውን እየቆጠረች፣ አብረው የመነጠሩትን መሬት እየጠራች፣ ለማን ጥለኸኝ ትላለች። አባቴ ደረጃው ላይ ቆሞ ስለ ራሱ የሚባለውን እየሰማ ከንፈሩን ነክሶ ይይዛል።

የግቢው በር ጋ ስንደርስ አባ መጫ አዩን። በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

ጸጥታው በአንድ ጊዜ አልመጣም። ፊት ያሉት ዝም አሉ፣ ከኋላ ያሉት ገና ያለቅሳሉ፤ ከዚያ እነሱም። አባ ጊሳ ጃንጥላቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሱብሃነላህ" አሉ ቀስ ብለው፤ ወደ ሚኒባሱም ዞረው ሾፌሩን "ሞተሩን አጥፋው" አሉት።

እናቴ የደገፏትን ሴቶች እጅ አስለቀቀች። አባቴ ፊት መጥታ ቆመች። አልዳሰሰችውም። ዝናቡ በፊቷ ላይ እየወረደ ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ጫማውን ሳይቀር አየች።

"ተናገር" አለችው።

ራሱን ወዘወዘ።

"አንድ ቃል ብቻ። ስሜን ጥራኝ። አንድ ቃል ምን ያደርግሃል?"

እኔ መሐል ገብቼ ስለ ነርቩ፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ቀጠሮው ማውራት ጀመርኩ። ማንም አልሰማኝም። ሁሉም የአባቴን አፍ ያያል። በዚያች ደቂቃ ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ እንዲናገር ያልፈለገ እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔም ብሆን ትንሽ ፈልጌ ነበር።

አባ ጊሳ ወደ እናቴ ጠጋ አሉ። "አንቺ ሴት፣ ቆሞልሽ እያየሽው ምን ድምፅ ትፈልጊያለሽ? ተይው። ድምፁን ለነገ ያስቀምጠው።"

እናቴ አንድ ጊዜ ተነፈሰች። እጇን ዘርግታ ጋቢውን በአንገቱ ዙሪያ፣ ፋሻው ዝናብ እንዳይነካው፣ በደንብ አስተካከለችለት። አባቴም እጇን ያዘና በዘበኛው ቤት ቆርቆሮ ሥር ወዳለው አግዳሚ ወሰዳት። ተቀምጦ አጠገቡ ያለውን ቦታ በመዳፉ መታ መታ አደረገላት።

ሁሉም በዚያች ጠባብ ቆርቆሮ ሥር ተጠጋጋ። አንድ በአንድ እየመጡ እጁን ጨበጡት። ወንድም ማቲዎስ አፍሮ ከኋላ ቆሞ ነበር፤ አባቴ በጣቱ ጠርቶ ጉንጩን ሳመው። አባ ጊሳ አጠገቡ ተቀመጡና እንዲህ አሉት፦

"ሃንዲሶ፣ ድንኳኑን ደጅህ ላይ ተክለን ነው የመጣነው። ይሄ ጣሪያ ላይ ያለው ትርፉ ነው። አሁን ማን ይንቀለው?"

አባቴ ጣቱን ወደ ራሱ ደረት አመለከተ። እኔ ነኝ የምነቅለው ማለቱ ነው። አንድ ሰው ሳቁን በነጠላው ሲሸፍን ሰማሁ።

ለልቅሶ የመጣ ሰው ያለ ንፍሮ አይንቀሳቀስም። ከሚኒባሱ ክዳን ያለው ባልዲ ወረደ፤ የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ ነው፣ ገና ለብ ያለ። ማንም እንብላ አላለም፤ ግን ሰዎቹ ከሌሊት ጀምሮ በመንገድ ላይ ነበሩ፣ አባ መጫም ቁርስ አልበሉም። ክዳኑ ተከፈተና በየእጁ ተሰጠ። ያ ሁሉ ሰው በዚያ ሰፈር፣ በታጠበ ኮብልስቶን ላይ ቆሞ ንፍሮ ሲቆረጥም አባቴ ዝም ብሎ ተመለከተ። ከዚያ እጁን ወደ ባልዲው ሰድዶ አንዲት ቦሎቄ አነሣ። ሊጎርስ ሲል እናቴ ከጣቶቹ መሐል ወሰደችበት።

"ይሄ ላንተ አይሆንም" አለች።

ጉሮሮው ገና እንዳልዳነ አስባ ነው የተናገረችው። ግን አባ ጊሳ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ እናቴ ራሷ፤ ሳቋ ወደ ለቅሶ፣ ለቅሶዋ ወደ ሳቅ እየሄደ ለረጅም ጊዜ አላቆመችም። አባቴ ድምፅ ሳያወጣ ትከሻው ይነቀነቃል። ሲስቅ ያመው ስለነበር አንገቱን በሁለት እጁ ደግፎ ይዞ ነው የሳቀው።

ከዚያ በኋላ አባ መጫ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ ቢሉም የሰማቸው የለም። ሁሉም በደረጃው ወጡ። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፤ ኮሪደሩ በጭቃ ጫማ ተሞላ። በነጩ ሶፋ ላይ፣ በወንበሮቹ ላይ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ለአባቴ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በቆሎው፣ ስለ አንዷ ላማችን አወሩለት። ማንም ጥያቄ አልጠየቀውም፤ እናቴ አስጠንቅቃቸዋለች። እሱ ወደሚያወራው ሁሉ ፊቱን እያዞረ ይሰማል። እኔ ከሶፋው ጫፍ ተቀምጬ ነበር። ጫጫታው ዙሪያዬን እንደሞላው፣ አሁን አንድ ነገር ቢሆን የሚያየው ሰው ሞልቷል ብዬ ሳስብ፣ እዚያው ቁጭ እንዳልኩ ዓይኔ ተከደነ። ስነቃ አመሻሽቷል፤ የአንዷ እናት ነጠላ በላዬ ላይ አለ። ታምራት በሩ ላይ ቆሞ የጫማዎቹን ሰልፍ ያያል። ጎንበስ ብሎ የራሱን ጫማ ፈታ።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ አንገቱን አይቶ ቀስ ብለው ይሞክሩ አለው። ክፍሉ ውስጥ እናቴ፣ ታምራትና እኔ ነበርን። አባቴ ምራቁን ዋጠ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ የሚከፈት በር እንደሚንቋረር ያለ ትንሽ ነገር ከጉሮሮው ወጣ።

"ድንኳኑ ተነቀለ?"

ያ የቀድሞው ድምፅ ግን አልተመለሰም። እውነቱን ልጻፍ። አሁን ቀጭን፣ ሻካራ ነው፤ ቶሎ ይደክማል። መዝሙር የሚያስጀምረው ወንድም ማቲዎስ ነው፤ አባቴ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ከበቆሎው ማዶ ሆኖ ልጆች የሚጠራበት ጊዜ አልፏል። ይህ ሲያሳዝነኝ አይቶ አንድ ቀን፣ እናትሽ እስከሰማችኝ ድረስ ይበቃኛል አለኝ። እውነትም ሁልጊዜ አጠገቧ ሆኖ ነው የሚያወራው።

አሁን እኔ ነኝ ከቤት የራቅኩት። ማታ ማታ ከላይብረሪ ደክሜ ስመለስ እናቴ ትደውላለች። የመጀመሪያው ሰሞን "ደህና ነኝ፣ ትንሽ ደክሞኝ ነው" እላት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ዝምታዋን ስሰማ ተውኩት። አሁን ሌላ ነው የምነግራት። የካፌው ሽሮ ጨው እንደበዛበት፣ ጫማዬ ውኃ እንደሚያስገባ፣ ከላይኛው አልጋ የምትተኛዋ ልጅ እንደምታንኮራፋ፣ የሒሳቡ መምህር ቶሎ ቶሎ እንደሚጽፍና እንደማልደርስበት። ከጎኔ ያሉት ልጆች ይሄን ሁሉ ለእናት ማማረር ምን ይባላል ብለው ይገረማሉ። እናቴ ግን አንዱንም አታቋርጠኝም። እያማረርኩ ሳለሁ ከወዲያ ትንፋሿ እየረጋ ሲሄድ ይሰማኛል።